ለኤድንብራ ተነሥተው ገዳሪፍ የደረሱት ሰው

ሄርሜላ ስትደውልልኝ ሪከንባከር የሚባለው የመጋዘን ሰፈር፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ብሬክ ሩም ውስጥ ቁጭ ብዬ የትናንት ፓስታ እየበላሁ ነው። ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ደነገጥኩ፤ ከዓመት በላይ አናግራኝ አታውቅም። ከድንጋጤው ቀጥሎ የመጣብኝ ስሜት ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኩራት ነበር። «በመጨረሻ ገባት፤ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው» አልኩ በሆዴ። ስልኩ እየጮኸ የምመልስላትን ሁሉ አዘጋጀሁ። ሹካዬን አስቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ አነሣሁት።

«አባዬ አረፈ» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት።

አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የነበረው እሱ ስለሆነ እሱው ወጣ። ሰማችው አልሰማችው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ለቅሶው ጋሃና በሚባለው ሰፈር፣ አባቷ ቤት መሆኑን ነግራኝ ዘጋች። እኔም ፓስታው ፊት ተቀምጬ አባቷ ጋሼ ወንድይራድ ይህን ቢሰሙ ምን ያህል እንደሚስቁብኝ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ጋሼ ወንድይራድን ያወቅኳቸው በውሸት ምክንያት ነው። ውሸቱ የራሴ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ በገባሁ በሁለተኛው ወር ሱፐርቫይዘሬ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ። «ትሮጣለህ ማለት ነው!» አለኝ። እኔ ደግሞ ከፒያሳ አራት ኪሎ እንኳ ታክሲ ተሰልፌ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጓደኞቼን ጃኬት የምጠብቀው እኔ ነኝ። ነገር ግን ሰውየው እንደዚያ ደስ ብሎት እያየኝ እንዴት ላሳዝነው? «ትንሽ ትንሽ» አልኩት። በሳምንቱ ዌርሃውሱ ሙሉ «ማራቶን» እያለ ይጠራኝ ጀመር። በወሩ ስሙ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው የሸበተ፣ በሐምሌ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ ሰው መጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሆዴ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ።

«ሯጩ አንተ ነህ?»

እዚያ ላይ መካድ እችል ነበር። ግን አጠገቤ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። «አልፎ አልፎ» አልኩ።

«ጎሽ! ቅዳሜ ጠዋት አልም ክሪክ፣ ወንዙ ዳር እንገናኝ። አብሮኝ የሚሮጥ ሰው ካጣሁ ዓመት አለፈኝ።»

ያኔ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሸትል ነድተዋል፤ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ መኪና ማቆሚያው። «ስንቱን ወደ ስንት አገር ሸኘሁ፤ እኔ ግን በቀን ሠላሳ ጊዜ እዚያው ዞሬ እመለሳለሁ» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል። አንዲት ልጃቸው ሄርሜላ ደብሊን በምትባለው የኮሎምበስ ዳርቻ ቤት ገዝታ፣ እዚያው ደብሊን ቢሮ ትሠራለች። ልባቸው ላይ ስቴንት የምትባለው ትንሽ ቱቦ ከገባችላቸው በኋላ ሐኪሙ እንዲራመዱ አዘዛቸው፤ መራመዱ ሰለቻቸውና ቀስ እያሉ መሮጥ ጀመሩ።

ቅዳሜ አይመቸኝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አዲስ ጫማ ገዝቼ ሄድኩ። ጫማው የሚሮጥልኝ መስሎኝ እንደሆነ እንጃ።

ጋሼ ወንድይራድ ሲሮጡ አይቸኩሉም። ዝም ብለው አንድ እግር ከአንድ እግር ፊት ያስቀምጣሉ፤ ኪሳቸው ውስጥ ቆሎ አለ፤ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ የተለጠፈ ነገር ካለ ቆመው ያነባሉ። እና ያወራሉ። «እየሮጠ ማውራት ያቃተው ሰው የሚያባርረው አለ ማለት ነው» የሚል ሃይማኖት ነበራቸው።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አሉኝ በስድስተኛው ደቂቃ።

«ሠላ…»

«ሠላሳ?»

«…ስም…»

«ሠላሳ ስምንት?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ጥቂት እንደሄድን አንድ አግዳሚ ወንበር አየሁና ሳላስፈቅድ ተቀመጥኩበት። እሳቸውም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቆሎ ዘገኑልኝ። ትንፋሼ እስኪመለስ ወንዙን እያዩ ጠበቁ።

«ሯጭ አይደለህም» አሉኝ።

«አይደለሁም ጋሼ።»

«ማን ያውቃል?»

«እርስዎ ብቻ።»

አሰቡ፤ ቆሎ ቆረጠሙ። «ጥሩ ነው። እንዲሁ ይቆይ።»

ለምን እንደዚያ እንዳሉ የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ጋሼ ወንድይራድ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ተማሪ ነበሩ። ከክፍሉ አንደኛ ስለነበሩ ስኮትላንድ ኤድንብራ ሄደው እንዲማሩ ተፈቀደላቸው፤ የቅበላ ደብዳቤውም መጣ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ፓስፖርት ተከለከሉ። ቀጥሎ የክፍል ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ መታሰር ሲጀምሩ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። «ለኤድንብራ ተነሥቼ ገዳሪፍ ደረስኩ» ይሉ ነበር፤ ሁልጊዜ እየሳቁ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቃል። ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም ኦሃዮ። አሁን ጡረታ ሊወጡ ነው። ኤድንብራን ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። ማየትም ብቻ አይደለም፤ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጡባት ነው።

ሄርሜላ ግን አባቷን ብቻቸውን አትሰድም። አንድ እሑድ ለምሳ ቤቷ ተጠራሁ። «ከደብሊን ስኮትላንድ ምን ያህል ሩቅ ነው? ባሕሩን ተሻግሮ ነው» ብለው ጋሼ በአየርላንዷ ደብሊን ስም ቀለዱ፤ እሷ አልሳቀችም።

«አባዬ፣ አይ አም ሲሪየስ። ሀርት ፔሸንት ነህ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሯጭ ነህ አይደል? ፔስ ታደርገዋለህ፤ ፍጥነቱን አንተ ትይዛለህ። ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ የለም። ፕሮሚስ አድርግልኝ።»

ጋሼን አየኋቸው። ሰላጣቸውን በጥሞና ይመረምራሉ። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ምስጢሬን ለምን እንደደበቁልኝ ያኔ ገባኝ፤ ሽማግሌው ሯጭ ያስፈልጋቸዋል፣ የውሸትም ቢሆን።

«ፕሮሚስ» አልኩ። እጄንም ደረቴ ላይ አደረግኩ። ማንም እጄን ደረቴ ላይ እንዳደርግ አልጠየቀኝም።

በቀጣዩ ግንቦት ኤድንብራ ገባን። ያረፍነው ሊዝ በምትባለው የወደብ ሰፈር ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ጋሼ በእጃቸው የሣሉትን ካርታ ዘረጉልኝ፤ ከማረፊያችን ወንዙን ይዞ ወደ ላይ፣ የጥንቱ ምሽግ ካለበት አምባ፣ በአሮጌው ከተማ ቁልቁል፣ ተራራውን ዞሮ፣ ከዚያ እስከ ባሕሩ ዳርቻ።

«ስንት ነው ይሄ?»

«አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ።»

«አምስት አልነበረም እንዴ ጋሼ?»

«አምስቱ ውስጡ አለ» አሉኝ።

ሲጀመር ጥሩ ነበርኩ፤ ይህ ይመዝገብልኝ። በወንዙ ዳር በድንጋይ ድልድዮቹ ሥር ስናልፍ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ እኔ ነበርኩ ከፊት። ወደ ኋላ ዞሬም «አይዞዎት!» ብያቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ውሻ አለፈኝ። ከውሻው ቀጥላ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት አለፈችኝ፤ እየሮጠች ከልጁ ጋር ታወራለች። ጋሼ ደረሱብኝና «እሷን የሚያባርራት የለም» አሉኝ።

ከወንዙ ወጥተን ዋናው ጎዳና ጥግ፣ ከአምባው ሥር፣ አንድ ጠቆር ያለ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጋሼ እዚያ ደጅ ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ፣ ተገኝቶ ወደ አገሩ የተመለሰው በኛ ዘመን መሆኑን ነገሩኝ። ለመግባት እርምጃ አንሥተው የራሳቸውን እግር አዩና ተመለሱ።

«በቁምጣ አልገባም» አሉ። ከደጁ የድንጋዩን ግንብ ተሳለሙ።

እኔም ግንቡን ያዝኩ። ግንባሬን አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ጸሎት አድርጌ አላውቅም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ምን ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው ሳይለኝ አልቀረም። ጋሼ ግን ትከሻዬን ነካ አድርገው «ትንፋሽህ ከተመለሰ እንሂድ» አሉኝ።

ቀጥሎ ያለው አቀበት ወደ አምባው ያወጣል። ልክ ጫፉ ላይ ደርሰን ቱሪስቱ መሐል ስንገባ መድፍ ተተኮሰ። እዚያ አምባ ላይ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ቀትር ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ሰዓት ለመንገር መድፍ ይተኩሳሉ፤ ሁሉም ያውቃል፤ ቱሪስቱ ስልኩን ደግኖ የሚጠብቀውም እሱን ነው። እኔ አላወቅኩም። መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነው ራሴን ያገኘሁት። አንዲት ሕፃን ልጅ አጨበጨበችልኝ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፣ ትንሽ አስተካከሉ፣ «ሰባት ሰዓት ሆነ» አሉና በተኛሁበት አለፉኝ።

ቁልቁል ያለው የአሮጌው ከተማ መንገድ በኮብልስቶን የተነጠፈ ነው፤ ቁርጭምጭሚቴን ጨረሰው። ጋሼ በየበሩ የተጻፈውን እያነበቡ፣ በየድንጋዩ ላይ እጃቸውን እያሳለፉ፣ «ይሄ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ይሄኛው ከእሳተ ገሞራ ነው» እያሉ ይወርዳሉ። ቀሚስ ለብሶ የሚነፋ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ስናገኝ ፎቶ ካልተነሣሁ ብዬ ድርቅ አልኩ፤ አራት ፎቶ ተነሣሁ፤ በአራቱም ሰውየው እኔን ደግፎ ይዞኛል።

ታች ካለው ቤተ መንግሥት አጥር ስንደርስ ግን ጋሼ ተለወጡ።

«ከዚህ በኋላ አንድ ቦታ አለ» አሉኝ። «እዚያ አንቆምም። እያየን እናልፋለን።»

«ምንድን ነው?»

ተራራውን የሚዞረውን መንገድ ይዘው ሮጡ። ቆሎ የለም፣ ሰላምታ የለም፣ ወሬ የለም። ካወቅኳቸው ጀምሮ ዝም ብለው ሲሮጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፍጥነታቸውም ጨመረ። እኔ ከኋላ እንደ ተሰበረ ጋሪ እየተንኳኳሁ እከተላለሁ። ወደ ተራራው ጀርባ ስንታጠፍ በግራ በኩል ከመንገዱ በላይ አንድ ገደል ብቅ አለ፤ እንደ ተደረደረ ግንድ የቆመ ጥቁር ዓለት ነው። አገሬው የሶምሶን ጎድን ይለዋል። ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት፤ አልቆሙም። ሊያልፉት ነው።

ያኔ ባቴን አንድ ነገር በቢላ የወጋኝ መሰለኝና ጮኽኩ። ሣሩ ላይ ተዘረርኩ። ጡንቻዬ እንደ ሎሚ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ሄዷል። ያወጣሁትን ድምፅ አልገልጸውም፤ ሜዳው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ ማለት ይበቃል።

ጋሼ ተመለሱ። ተንበርክከው ባቴን ያሹልኝ ጀመር። «ተንፍስ። ጣትህን ወደ ራስህ ሳብ» ይሉኛል። መጀመሪያ እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት። ቆይተው ቀና አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ አንድ እጃቸው ባቴ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ዓለቱ ላይ።

«ይሄን ሥዬዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ይሄንን ገደል። ፈተና ላይ መጥቶ። ከመጽሐፍ አጥንቼ በእርሳስ ሣልኩት። ቀጥ ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ቆመ ምሰሶ። አሥር ከአሥር ነው ያገኘሁት።» ወደ ዓለቱ ጠቆሙኝ። «እስቲ እየው።»

አየሁ። ግንዶቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም። ጎብጠዋል፤ እንደ ስሙ፣ እንደ ጎድን አጥንት።

«ተሳስቻለሁ!» አሉና ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ለካ መምህሩም አላዩትም!»

ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ለማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ያን ፈተና አብረዋቸው የተፈተኑ ልጆች ስም ነው፤ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል፣ ከፊተኛው ረድፍ ጀምረው። አሥራ አንድ ስም ጠሩ። አንዳንዱ ስም ላይ ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሲጨርሱ «ከነዚህ ውስጥ ይሄን ለማየት የተረፍኩ እኔ ነኝ» አሉ። «ከቆምኩ ይመጡብኛል ብዬ ነበር። መጡ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ የሚያጽናና ቃል ይፈልግ ነበር። እኔ «ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው ይሹልኝ» ነው ያልኩት። በእውነት በጣም ያመኝ ነበር።

ያኔ ስልካቸው ጮኸ፤ አልሰሙትም። ቀጥሎ የኔ ጮኸ። ሄርሜላ ናት።

«ለምን ቆማችሁ? ሎኬሽናችሁ ስልኬ ላይ አልተንቀሳቀሰም! አባዬ ስልክ አያነሣም!»

«ስትሬች እያደረግን ነው» አልኳት፣ በተኛሁበት።

«አገናኘኝ።»

ጋሼን አየኋቸው። ፊታቸው ረጥቧል፤ ያላቸው ነገር ሁሉ ያ ዓለት ላይ ነው። ስልክ ልሰጣቸው እጄ አልታዘዘኝም።

«አሁን አይመችም ሄርሚ።»

«ዋት ዱ ዩ ሚን አይመችም?»

«ድንጋይ እያዩ ነው» አልኳት። ባቴ እንደገና ጨመደደኝና ጮኼ ስልኩን ጣልኩት። እሷ በዚያ በኩል የሰማችው የሰው ጩኸትና የተዘጋ ስልክ ነው።

እዚያ አርባ ደቂቃ ቆየን። ከዚያ እኔ ስልሳ ሰባት ዓመት በሞላቸው የልብ ሕመምተኛ ትከሻ ተደግፌ፣ እያነከስኩ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተጓዝን። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ቆመው ጋሼን «ልጅዎ ደህና ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «ማራቶን ሯጭ ነው፤ እያረፈ ነው» አሏቸው። ባሕሩ ጋ ስንደርስ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። እኔ አሸዋው ላይ ቀረሁ።

ኮሎምበስ ኤርፖርት ስንደርስ እግሬ አብጦ ስለነበር በዊልቸር ነው የወጣሁት። የሚገፋኝ የኤርፖርቱ ሠራተኛ ነው፤ ጋሼ የሁለታችንንም ሻንጣ እየጎተቱ ከፊት ይቀድማሉ። ሄርሜላ አበባ ይዛ ቆማለች። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ዊልቸሩን አየች።

«ዚስ ኢዝ ዘ ራነር?» አለች፣ ለማንም ያልሆነ ጥያቄ።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ካርታውን አሳየችኝ፤ የሄድንበት መንገድ ሁሉ በቀይ መስመር አለ። «አምስት ኪሎ ሜትር ብለህ ፕሮሚስ አደረግህልኝ። ያን አርባ ደቂቃ ዴስኬ ላይ ቁጭ ብዬ አባቴ ሞተ ብዬ ነበር» አለችኝ። አበባውን ለአባቷ ሰጥታ፣ እኔን ከነዊልቸሬ እዚያው ትታኝ ሄደች። ሠራተኛው በሐዘኔታ እስከ ታክሲው ድረስ ገፋኝ።

ከጋሼ ጋር ግን ቅዳሜያችን አልተቋረጠም። አልም ክሪክ ላይ ዓመት ሙሉ ሮጥን። እሳቸው አወሩ፤ እኔም በመጨረሻ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየሮጥኩ መናገር ቻልኩ። ስለዚያ ገደል ግን ሁለታችንም አንሥተን አናውቅም። በክረምቱ ልባቸው እንደገና ታመመ። ሆስፒታል አራት ቀን ቆዩ፤ በሦስተኛው ቀን ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር፣ ሄርሜላ ወደ ሥራ የሄደችበትን ሰዓት ጠብቄ። በማግስቱ ነው የደወለችልኝ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ሰው ሞልቷል። ከበሩ አጠገብ ጫማ የተከመረበት ጥግ ተቀመጥኩ፤ የሚመጣው ሁሉ እግሬን ይረግጠኛል፤ ይገባኛል ብዬ ዝም አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሄርሜላ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣችና መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ድምፅዋ ጠፍቷል።

«ያን ቀን» አለችኝ፤ «ድንጋይ እያዩ ነው አልከኝ።»

«አዎ።»

«ምን ነበር እያደረገ? እውነቱን ንገረኝ።»

ነገርኳት። ስለ ፈተናው፣ ስለ ሥዕሉ፣ ሆዳቸውን ይዘው ስለ መሳቃቸው። ስሞቹንም ነገርኳት፤ ከአሥራ አንዱ የማስታውሰው ሰባቱን ነው፤ በቅደም ተከተል። ስለ ጓደኞቻቸው አባቷ አንድም ቀን ነግረዋት አያውቁም። የሱዳኑን ታሪክ የምታውቀው በቀልዱ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ስም ስጠራ ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል።

«እሱ ነበር መቆም የፈለገው?» አለችኝ።

«አይደለም። እሳቸው ማለፍ ነው የፈለጉት፤ እንዳንቆም አስጠንቅቀውኛል። እኔ ነኝ ያቆምኳቸው። ደክሞኝ ወድቄ ነው።»

ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሏት፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነቻቸው። ከዚያ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

«እንኳንም ደከመህ» አለችኝ።